በደጎሎ ፍላሽ ስለ ጠፋችው ልጄ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ደሳለው፣
ልጆቻችንን ወደ ዐረብ አገር የሚልከው ኤጀንሲ ሥራ አስኪያጅ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከሁሉም በላይ ለኮምፒውተርዎ ይሁን፤ አላህ እርስዎን ከበሽታ፣ እሱንም ከቫይረስ ይጠብቅልን። እኔ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ቁርአን ያስቀራሁ ሸህ ዑበይዳ ነኝ። ልጄ ጁማና መስከረም ላይ በኤጀንሲዎ በኩል ወደ ሪያድ የሄደች ሲሆን፣ ከኅዳር ወዲህ ድምፅዋን አልሰማንም። ደብዳቤዬን በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት፣ ቢሮዎ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሼ እርስዎን የማየት ዕድል ስላልገጠመኝ ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁና አልተቀየምኩም።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ከስድስት ዓመት በፊት ሥራ ሲጀምሩ አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና ሠላሳ የሚሆኑ ተጓዦች ነበሩዎት። ስማቸው የሚመዘገብበትን ዳታቤዝ የጫነልዎ የደሴ ባለሙያ፣ ነገሩ ለአንድ ሰው፣ በአንድ ማሽን ላይ፣ ለጥቂት መቶ ስም ብቻ እንደሚበቃ ነግሮዎት እንደ ነበር ጸሐፊዎ ምህረት አጫውታኛለች። ዛሬ ወረኢሉና ደጎሎ ቅርንጫፍ አለዎት፤ የላኳቸውም ልጆች ከአራት ሺህ በላይ ሆነዋል፤ ዳታቤዙ ግን ያው ነው። ለቆየ ዕቃ እንዲህ ያለ ታማኝነት በዚህ ዘመን ብርቅ ነው። እኛ ድሆቹ ልጅ ሲያድግ እግሩ እስኪቆስል ሳንጠብቅ ጫማ እንለውጥለታለን።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1ኛ፤ ዳታቤዝዎ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አያስተናግድም። አንዷ ጸሐፊ ስትከፍተው ሌላዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ እኛም ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለን ተራ እንጠብቃለን። አምና በሳምንት አንድ ቀን ይደርቅ የነበረው ዘንድሮ በቀን ሦስት ጊዜ ይደርቃል። በደረቀ ቁጥር ምህረት «አብሽሩ ሸሁ፣ ሲስተሙ እምቢ ብሎ ነው» ትለኛለች። ልጅቱ ደግ ናት፣ በእሷ አልከፋም። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነበር፤ ያን ጊዜ ባለሙያው ቢጠራ ምን ነበረበት?

2ኛ፤ ቅርንጫፎችዎ ከዋናው ቢሮ ጋር የሚገናኙበትን ዘዴ ስሰማ መጀመሪያ የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የዳታቤዙን ቅጂ ይዞ ለብቻው ይጽፍበታል፤ ሲመቸውም ቅጂውን በፍላሽ ላይ አድርጎ፣ ፍላሹን በጨርቅ ቋጥሮ፣ በገበያ ቀን ለሚኒባስ ረዳት ይሰጣል። እዚህ ሲደርስ የመጣው በነበረው ላይ ይገለበጥበታል። የነበረው ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አራት ሺህ ልጆች ያሉበት ፍላሽ ከኩንታል ገብስና ከዶሮ ጋር ተጭኖ ይመጣል፤ ዶሮዎቹስ ሲደርሱ ይቆጠራሉ።

3ኛ፤ ኅዳር ላይ ጁማና ደወለች። የሪያዷ እመቤት ደማም ከተማ ላለች እህቷ አሳልፋ እንደ ሰጠቻት፣ አዲሶቹ ሰዎች በር እንደሚቆልፉባት፣ ክንዷም በፈላ ውኃ እንደ ተቃጠለ ነገረችን። ቁጥሩ ስልካችን ላይ ስለማይወጣ የቤቱን አድራሻና የአሠሪዎቹን ስልክ እናቷ መድና በወረቀት ጻፈች። ያንኑ ቀን ወረቀቱን ለምህረት አመጣሁ። መዘገበችውና፣ ሲስተም ውስጥ ከገባ አያስፈልግም ብላ ቀድዳ ጣለችው፤ እኔም ቆሜ አየኋት። የቁርአንን ስድስት ሺህ አንቀጽ በቃሌ የያዝኩ ሰው የልጄን ቤት አልያዝኩም። ይህን ጥፋት በእርስዎ ላይ አላላክክም፤ የራሴ ነው።

ጥር ላይ የደጎሎ ፍላሽ መጣ። የዚያ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ገበየሁ ነሐሴ ላይ በወሰደው ቅጂ ሲጽፍ ከርሞ ኖሮ፣ የእሱ ሲገለበጥ ከነሐሴ ወዲህ እዚህ የተመዘገበው ሁሉ ጠፋ። የጁማናም አድራሻ አብሮ ሄደ። እኛ ዘንድ ተማሪ የጻፈበትን የእንጨት ሎህ የሚያጥበው ትምህርቱን በመምህሩ ፊት በቃሉ ካሰማ በኋላ ነው። እርስዎ የአምስት ወር ጽሑፍ አጥበው ለአንድ ወላጅ እንኳ ሳይናገሩ ቀሩ።

ከዚህ በኋላ ላለው ቅሬታዬ ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። ውሉ ላይ ያለው የሪያድ ስልክ ተዘግቷል። ደማም ያሉ የአገራችን ልጆች በር ሊያንኳኩልኝ ተዘጋጅተው የትኛው ቤት እንደሆነ ይጠይቁኛል። መድና ድንገት ትደውል ይሆናል ብላ ስልኩን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። ፈርቻለሁ፣ አቶ ደሳለው።

የወረኢሉ ቅርንጫፍ ታኅሣሥ ላይ ከዚህ በወሰደው ቅጂ እስካሁን እየሠራ ነው አሉ፤ አዲሱን ቅጂ ከዚህ ይዞ የሄደው ፍላሽ መንገድ ላይ ስለ ጠፋ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ሄጄ ብለምን ያለ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ አናሳይም አሉኝ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እሱም ላይ ሊገለብጡበት ነው። የምለምንዎ አዲስ ዳታቤዝ አይደለም፤ ከመገልበጡ በፊት ከፍተው የጁማናን አድራሻ እንዲያዩልኝ አንዲት ቃል በስልክ እንዲሏቸው ብቻ ነው።

ለዳታቤዝዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም አንድ ደቂቃ ትርፍ ጊዜ እየተመኘሁ፣ በደጅዎ ወንበር ላይ ያረጀሁት አክባሪዎ፣

ሸህ ዑበይዳ ሱሌማን

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከቢሮዎ ተደወለ። ያነሳችው መድና ናት፤ ጁማና መስላት ነበር። በሲስተሙ መሠረት ልጃችን ገና ያልተጓዘች ዕጩ ስለሆነች ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከነፓስፖርቷ ይዘናት እንድንቀርብ ታዘናል። እኔና እናቷ በሰዓቱ እንገኛለን፤ ልጅቷን ግን እባክዎ እርስዎ ይዘው ይቅረቡ።