የኋላ ወንበር ተሳፋሪዋ ሳዋኤ ኩዶ (1943–2024)

ወ/ሮ ሳዋኤ ኩዶ ከአባታቸው ከአቶ ዮሺዞ ናሪታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኪኑ፣ በጃፓን በኢዋኪ ተራራ ግርጌ ባለች የፖም አምራቾች መንደር፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1943 ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ መካከለኛ ደረጃ ተከታትለው በሂሮሳኪ ከተማ አውቶቡስ ላይ ስድስት ዓመት ትኬት ቆራጭ ሆነው ሠሩ። በሩ አጠገብ ቆመው ስለዋሉባቸው ቀናት ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካ ነበር።

በ1966 ከአቶ ቶኩጂ ኩዶ ጋር ተጋብተው እኛን፣ አኪኮንና ኖቡዮን፣ ወለዱ። አባታችን በ1969 ሁለት በር ብቻ ያላት ሰማያዊ መኪና ገዙ። የፊቱ ወንበር የአባታችን እናት የአያታችን፣ የኋላው የእናታችን ሆነ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው መውረድ የሚችለው ከፊት ያለው ወርዶ ወንበሩን ሲያጥፍለት ነው። አያታችን በ1981 ሲያርፉ እናታችን ወደ ፊት ልምጣ ቢሉ አባታችን «እዚያው ለምደሽው የለ እንዴ!» ብለው የፊቱን ወንበር የፖም ሣጥን ጫኑበት። መንደሩ በሙሉ ትንንሽ ነጭ ፒክአፕ ሲገዛ አባታችን የመኪናቸውን ጎማ በጥርስ ብሩሽ ያጥቡ ነበር።

በጃንዋሪ 2002 አባታችን በበረዶ መንገድ ሲነዱ ስትሮክ መታቸው፤ መኪናዋም የበረዶ ቁልል ውስጥ ገብታ ቆመች። በአንድ በኩል ባላቸው፣ በሌላው ሣጥኑ ዘግቶባቸው፣ ከኋላ የነበሩት እናታችን የባላቸውን ትንፋሽ እያዳመጡ አርባ ደቂቃ ቆዩ። ያወጧቸው በፒክአፕ ያለፉት ጎረቤታችን አቶ ሃጂሜ ናቸው።

እናታችን በ59 ዓመታቸው መንጃ ፈቃድ አውጥተው ፒክአፕ ገዙ። «የሱ መኪና ቆንጆ ናት፤ ወንበሯ ሶፋ ነው። የኔዋ ቆርቆሮ ናት፣ ወገብ ትቆርጣለች። ግን በሯ እጄ ላይ ነው» ይሉ ነበር። ሆኖም የአባታችን ግማሽ አካል አልታዘዝ ስላለ፣ ፒክአፗ አሥራ አንድ ዓመት ከክሊኒኩና ከማሳው አላለፈችም። እናታችን ኮፍያቸውን ሲያነሡ ከመኝታ ክፍሉ «ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። መልሳቸው ሁልጊዜ «የትም» ነበር።

አባታችን በ2013 ሲያርፉ ተራው የእኛ ሆነ፤ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ መንዳቱ ይቅርብሽ» እያልን ጨቀጨቅናቸው። አንድ ቀን ሳይነግሩን ብቻቸውን እስከ ባሕሩ ዳርቻ ነዱ። ምን እንዳዩ ስንጠይቃቸው፣ «ምንም። ሞተሩን አጥፍቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ የሚጠብቀኝ ሰው አለመኖሩ ትዝ አለኝና፣ ወዴት እንደምሄድ ግራ ገባኝ» አሉን። በማግስቱ ቁልፉን አስረከቡን። እኛም እፎይ ብለን ተቀበልናቸው እንጂ አብረን እንሂድ አላልናቸውም። ይህን ዛሬ በፊታችሁ እንናዘዛለን።

ወ/ሮ ሳዋኤ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኖቬምበር 9 ቀን 2024 በ81 ዓመታቸው አርፈዋል። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ነፍሳቸው በቡድሃው ንጹሕ ምድር ትረፍ፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።