በዳሶ፣ የኮንጋው ልጅ

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ደብተር፣ ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው። ቁርስ ቆጮ በጎመን፤ ጨርሻለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አፍ ግን አለኝ። የምትጽፈው የልጅ ልጄ ምሕረት ናት። ዛሬ እጇ ይፈጥናል። ምክንያቱ ቅዳሜ ነው።

እሷና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ የጃፓን ካርቱን የሚወዱትን ሁሉ አዳራሽ ሊሰበስቡ ነው። አኒሜ ይሉታል። ሰው የወደደውን ጀግና መስሎ ይመጣል። ካባ፣ የካርቶን ሰይፍ፣ ቀለም የተነከረ ጸጉር። አምና እዚሁ ግቢ ጥቂት ሆነው ሲለብሱ ጎረቤት አበዱ ብሎ ነበር። ዘንድሮ የባንክ ቤቷ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ የሒሳብ አስተማሪው ሳይቀር እንመጣለን ብለዋል። የዲላ ልብስ ሰፊ ሁሉ ካባ ላይ ነው።

እኔን አልገረመኝም። ጻፊው፦ ይህን ነገር ዲላ ላይ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ዕለት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ለማያውቅ ይጻፍ። ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አግዳሚ ወንበር። የካራቴ ፊልም። የፊልሙን ቋንቋ እኔም አላውቅ፣ ተመልካቹም አያውቅ። ስለዚህ ቆሜ እተርካለሁ። ጀግናው ሁልጊዜ በዳሶ ነው፤ የዚሁ የቡና አገራችን፣ የኮንጋ ልጅ። ጠላቱ ሁልጊዜ ሚዛን የሚሰርቅ ቡና ሰብሳቢ ነው። በዳሶ በእግሩ ሲያነሳው ቤቱ በጩኸት ይፈርሳል። ቡናው ሚዛን ላይ ቀልሎበት የማያውቅ ገበሬ የት አለና!

ቦዘኔ ሰብሳቢ አሉኝ። ጸሎት ቤት ስሜ ተጠርቶ ተጸለየብኝ። እኔ ግን ተረኩ።

ምሕረት ቅዳሜ እንድተርክላቸው ጠየቀች። የካርቱኑን ድምፅ ዘግተው ያሳያሉ፣ እኔ እናገራለሁ። እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቁ ነበር አልኳት።

የካቲት 5፣ ረቡዕ፣ ማታ

ተጣላን።

ናትናኤል መጣ። የቡድናቸው አለቃ ነው፤ ቀጭን፣ የማይስቅ። በሩ ላይ ፈተና ይኖራል አለ። የካርቱኑን ነገር ተጠይቆ ያልመለሰ አይገባም። ቲክቶክ ላይ አንዲት ቁራጭ አይቶ ካባ የሚያሰፋ ሁሉ አድናቂ አይደለም፣ አባባ፣ አለኝ። ት/ቤት ሳሉ እኩዮቻቸው ስቀውባቸዋል። ዛሬ እነዚያው የሳቁት ናቸው የሚለብሱት። ይህ ነው ናትናኤልን ያቃጠለው። ይገባኛል። እኔስ አልተሳቀብኝም?

ግን ልክ አይደለም። ሶንጎ ላይ፣ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ነገር ሲያይ፣ ሊቀመጥ የመጣውን ምን ታውቃለህ ብሎ የሚመልስ የለም። ይቀመጣል። ይሰማል። አውቆ ይሄዳል። ናትናኤል ሶንጎ ሌላ፣ አኒሜ ሌላ አለ። ጢም ሳያበቅል ሸመገለብኝ! ምሕረትም ከእሱ ጋር ቆመች።

ፈተና ካለ አፌ ዝግ ነው አልኳቸው።

ይህን ስትጽፍ አኩርፋለች። ማኩረፍሽንም ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

የካቲት 7፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ነስሩ መጣ። ጨርቅ ነጋዴው። አባቱ ከመሃል አገር መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ። ልጅ ሳለ ቪዲዮ ቤቴ ውስጥ የፊተኛው ወንበር የእሱ ነበር፤ አባቱ ጆሮውን ይዘው እስኪያወጡት። አሁን ቦርጭ አለው፣ የልጆች አባት ነው። ከራሱ ሱቅ ጨርቅ ቀዶ ቀይ ካባ አሰፍቷል።

ምሕረትን በሹክሹክታ የጀግናውን ስም ይጠይቃል። ልጆቹ ይነግሩታል፣ እሱ ይረሳል። ፈተናውን ሰምቶ ላብ አጥምቆታል። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የወደቅኩ ሰው ነኝ፣ ጋሽ ጅግሶ፣ አሁን ደግሞ ልጆቼ ፊት ልትጥሉኝ ነው? አለ። ምሕረት ሳቀች። ከዚያ የጀግናውን ስም ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችለት።

ፈተናው ግን አልቀረም። እኔም አልሄድም ብያለሁ። ኮቴን ግን አስተኩሻለሁ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ምሽት 12 ሰዓት

ሄድኩ! ድምፄ ተዘግቷል፣ ምሕረት ከከንፈሬ እየለቀመች ነው የምትጽፈው።

ሰልፉ አስፋልት ደርሷል። በሩ ላይ ጠረጴዛ። ጸጉሯን ወይን ጠጅ የነከረች ልጅ፣ አታውቀኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየችኝ። ነጭ ጸጉር፣ ረጅም ሰይፍ። ይህ ማነው አለች።

በዳሶ፣ አልኳት።

ተሳስተዋል አባባ፣ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉ አለችኝ። እኔን! ዲላ ላይ!

ከኋላ ነስሩ በቀይ ካባው ጮኸ፦ ልክ ነው! የኮንጋው በዳሶ ነው! ከሰልፉ ጸጉሩ የሸበተ ሁሉ ተቀበለው። በዳሶ! በዳሶ! ልጅቷ ግራ ገባት፤ ወረቀቷ ላይ እንዲህ ያለ መልስ የለም።

አልተለማመጥኩም። ማዶ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥኩና ሥዕሉን እያየሁ ጀመርኩ። ይህ ልጅ በጎልማሳነቱ ጸጉሩ ለምን ነጣ? አንድ ቀን ቡናውን ተሸክሞ ወደ ሚዛን ወረደ... ሰልፉ ፈረሰ። ባለ ካባው፣ ባለ ሰይፉ፣ የባንክ ቤቷ ልጅ፣ ሁሉም ዙሪያዬን አፈር ላይ። አዳራሹ ባዶ።

ምሕረት ወጣች። አየችኝ። ተመለሰችና ጠረጴዛውን ከበሩ አነሳች፣ ብቻዋን፣ እየጎተተች። ናትናኤል ተከትሎ ወጣ። ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

ምን ታውቃለህ አላልኩትም። ጎኔ ያለውን ቦታ በከዘራዬ አሳየሁት። ተቀመጠ።

ከዚያ ሁላችን ገባን። ፊልሙን ሳይ በዳሶን ወዲያው አወቅሁት።

የካቲት 10፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ድምፄ ተመልሷል። ናትናኤል ማለዳ መጣ፣ ስልኩን ሊቀዳበት ከፈተ። በዳሶን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ አባባ፣ እንስለዋለን፣ ለከርሞ እንለብሰዋለን ይላል። አሁንም አይስቅም። ግን የቆጮውን ሳህን ጠርጎ በላ።

ነስሩ በዳሶ እኔ ነኝ ይላል። ናትናኤል እኔ ይላል። ምሕረት እኔ ሴት በዳሶ ነኝ ትላለች። ዲላ ሁሉ በዳሶ ልሁን ካለ ማንን ሊመታ ነው?

ወሰንኩ። ከርሞ እኔም እለብሳለሁ። ሚዛን ሌባው እኔ ነኝ። ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ጻፊው። ጻፍሽ? አሁን እስክሪብቶውን ተይና ከጓዳ ያንን ቡና የሰበሰብኩበትን የዛገ ሚዛን አው...