«አይዞዎት» የማይባልበት ክፍል

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬም አስቆመችኝ።

አሰልጣኛችንን ማለቴ ነው። በሌለችበት «እሜቴ ማቆሚያ» እንላታለን። የማማከር ሁለተኛ ዲግሪ ብለን ገባን፤ አምና ንባብና ፈተና ነበር፣ ቻልነው። ዘንድሮ ልምምድ ነው። እውነተኛ ባለጉዳይ ፊት እንቀመጣለን፣ ፈቃዱን ጠይቀን ንግግሩን እንቀዳለን፣ ቅጂውን ይዘን እሷ ቢሮ እንገባለን። ትሰማለች። ጣቷ የመቅጃው ማቆሚያ ላይ ነው። ቀጭ። «እዚህ ጋ ምን ፈልገሽ ነው?»

ምን ፈልጌ ነው... ሰውየውን ማጽናናት ነዋ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የኔ ባለጉዳይ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ትከሻቸው ወንበሩን የሚሞላ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡ። ከወራት በፊት አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ከኋላቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ሹፌሩ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው መናኸሪያ ድረስ ነዱ። ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ «አባት፣ ደርሰናል» ብለው ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው። ከዚያ ወዲህ መሪ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። መሥሪያ ቤታቸው ነው ወደኛ የላካቸው። በመጡ ቁጥር ያንኑ ታሪክ ይነግሩኛል። ትከሻው ላይ ሲደርሱ እኔ «እርስዎ ምን ያድርጉ፣ አይዞዎት» እላለሁ፣ እሳቸው «እሺ ልጄ» ይላሉ። አለቀ። የቀረውን ሰዓት ስለ መንገድ ጥገና እናወራለን።

«አይዞዎት ስትያቸው ምን ሆኑ?» አለችኝ እሜቴ።

«ተጽናኑ።»

«ዝም አሉ። ዝም ማለትና መጽናናት አንድ አይደለም። በር ነው የዘጋሽባቸው።»

ስሙን ደግሞ «የምክር አገልግሎት» ይሉታል። መምከር ክልክል። ማጽናናት ክልክል። ተረት መጥቀስማ ወንጀል ነው። እና ምን ቀረኝ? ዓይኔን ማርገብገብ?

እቤት ስገባ የትናንቱ ዕቃ መታጠቢያው ላይ ተቆልሏል። ትንሿ ሶፋው ላይ። ትንሿ የምላት ታናሽ እህቴን ነው፤ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ ካገኘች ጀምሮ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዕቃውን እኔ አጠብኩ... እያጉረመረምኩ። አልሰማችኝም። ወይም እንዳልሰማች ሆነች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

የሦስትዮሽ ልምምድ። አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ባለጉዳይ፣ አንዱ ታዛቢ። ባለጉዳይ የሚሆነው ሰው የራሱን እውነተኛ ችግር ይዞ መምጣት አለበት። ፈጠራ አይቻልም። ግን ትልቅ ችግርም አይቻልም። ዓመት ሙሉ መካከለኛ ችግር ከየት ይመጣል? ችግር አለቀብን። ባንከሩ (ባንክ ይሠራ ነበር፤ ለምን ትቶት እንደመጣ እስከ ዛሬ የገባው አይመስለኝም) የአማቱን ነገር ይዞ ይኸው ስንት ሳምንቱ። አማቱን ከገዛ ልጇ በላይ እኔ አውቃታለሁ። ሦስተኛችን ነርሷ ደግሞ ከጎረቤቷ ውሻ ጋር ያላትን ጠብ ጨርሳ ወደ ውሻው ባለቤት ተሸጋግራለች።

እኔ ዛሬ የትንሿን ዕቃ አለማጠብ አቀረብኩ። እውነተኛ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ እስከ ፈተና ያደርሰኛል። ነርሷ «ይህ ነገር እንዳናደደሽ እየሰማሁ ነው» አለችኝ። እሰይ። ይህን ለመስማት ነው ሁለት ዓመት የተማርነው?

አርብ፣ ጥቅምት 16

እማዬ ደወለች። «ሰው ላማክር ብለሽ ተምረሽ እህትሽን ሳህን ማሳጠብ ያቅትሽ?» ዘጋሁት... በትህትና።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

አጎቴ ቤት ምሳ። ገና ስገባ «አፋችሁን ጠብቁ፣ ታጠናናለች» ተባለ። ሁልጊዜ ይኸው ነው፤ ግማሹ ይፈራኛል፣ ግማሹ አእምሮዬን አንብቢልኝ ይለኛል። አክስቴ ስለ ጉልበቷ ስታማርር እንደተማርኩት የነገረችኝን በራሴ ቃል መለስኩላት፤ «ደረጃ መውጣት ከብዶሻል ማለት ነው» አልኩ። «እሱን እኮ ነው የነገርኩሽ፣ ጆሮሽን ያምሻል እንዴ?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

ትንሿ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። እሷ መቼም ምክንያት አታጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ምላሴን ነክሼ ገባሁ። እውነት ነክሼው ነበር። ሹፌሩ ጀመሩ፣ መናኸሪያው ደረሱ፣ ትከሻ ነካ አደረጉ... ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን የሚያህል ሰው እንባ ሲተናነቀው ዝም ብዬ ልይ? ማን እንዲህ አሳደገኝ? «አይዞዎት፣ ቀናቸው ደርሶ ነው» አልኩ። እሜቴ እዚያው ቦታ ላይ፣ ቀጭ።

ዛሬ አልተቆጣችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። እስከ ኅዳር አጋማሽ ባለጉዳዬን በደንብ ያዳመጥኩበትን አንድ ቅጂ ካላመጣሁ ልምምዱን እደግመዋለሁ። እንግዲህ አንድ ዓመት ማለት ነው። «ደግ ነሽ» አለችኝ። «ችግሩ፣ ደግነትሽ ይቸኩላል። ሰውየው ምን እንደሆኑ ሳይናገሩ ትደርሺላቸዋለሽ።»

የቤቱ በኩር ልጅ ነኝ። ያለቀሰ ሁሉ ወደኔ ነው የሚላከው። ለዚህ ሥራ ተፈጥሬያለሁ ብዬ ነበር እኮ የገባሁት...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22

ሦስትዮሽ። አማካሪው ባንከሩ፣ ታዛቢዋ ነርሷ። ሌላ ችግር ስላላገኘሁ ያንኑ ሳህን ይዤ ገባሁ። አወራሁ፣ አማረርኩ፣ ጨረስኩ። ባንከሩ ዝም። ምን እንደሚጠይቅ ጠፍቶበት ነው፤ ጆሮው ሁሉ ቀልቷል። ነርሷም አላዳነችውም። ዝምታ ሲረዝም ያሳክካል። በአንድ ነገር ልሙላው ብዬ «ድሮ ስታጥብ ትዘፍን ነበር፣ እሱም ያናድደኝ ነበር» አልኩ።

«አሁንስ?» አለ ባንከሩ።

አሁንስ... አሁን አትዘፍንም። ከመቼ ጀምሮ? አላውቅም። ለራሷ የጀመረችው ቢጫ ቀሚስ መርፌው እንደተሰካበት ወንበር ላይ ከርሟል። ስልኳ ሲጮህ ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። የማገኛት ሁሌም እዚያው ሶፋ ላይ ነው፣ በዚያው ሹራብ። እኔ ይህን ሁሉ የሰበሰብኩት ሰነፍ ናት ለማለት ነበር። ባለጉዳይ ቢነግረኝ ኖሮ የሕመሙን ስም ሳልተነፍስ እጠራው ነበር። አምና የተፈተንኩበት ነው፤ ያውም ጥሩ ውጤት አግኝቼ።

ከክፍሉ ወጣሁ። ነርሷ ውሃ ይዛ ተከተለችኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት... እኔን ብለው ነው።

አርብ፣ ጥቅምት 23

ስፌት ቤቱ ደወልኩ። ከሥራ ከቀረች ሰንብታለች። ጠዋት እኔ ስወጣ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ትቆም የነበረው እኔ እንዳይ ኖሯል።

እቤት ገብቼ ፊቷ ተቀመጥኩ። ድምፄን ዝግ አድርጌ፣ እንደተማርኩት ዘንበል ብዬ፣ «ሰሞኑን ስሜትሽ እንዴት ነው?» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ልምምድሽን እኔ ላይ አትሥሪ» አለች።

ከዚያማ መከርኳት። ተነሺ፣ ታጠቢ፣ ወጣ በይ፣ ከሰው ተቀላቀይ። አንድም አላስቀረሁም። መጨረሻ ላይ አይዞሽ። ተጠቅልላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሜቴ የምትለው በር ይኸው ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

ልቤ እቤት ቀርቶ ነው የገባሁት። ሹፌሩ ጀመሩ። መናኸሪያ፣ ትከሻ። እዚያ ሲደርሱ የተለመደው ቃሌ አልመጣልኝም። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። የሚታየኝ የትንሿ ጀርባ ነው። ዝም አልኩ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት፣ አዞሩት...

«ለምነውኝ ነበር» አሉ።

ጠበቅሁ።

«መሀል መንገድ ላይ፣ ልጄ አንዴ አቁምልኝ፣ ደረቴን አፈነኝ አሉኝ። ዘግይቼ ነበር። ትንሽ ይታገሱ አባት፣ ልንደርስ ነው አልኳቸው። ደግመው ጠሩኝ። አይዞዎት አልኳቸውና ነዳሁ።»

ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም። እኔ ደግሞ በየማክሰኞው ያቺኑ ቃል መልሼ ሳጎርሳቸው ከርሜያለሁ። እሺ ልጄ ያሉኝ እንዴት ችለውኝ ነው? አለቀሱ። አላስቆምኳቸውም። ሲወጡ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። የሳቸው አይንቀጠቀጥም ነበር።

በሩ ሲዘጋ መቅጃውን አየሁ። ቀይዋ መብራት የለችም። አልከፈትኩትም። ዓመቱን ሙሉ የምትፈለግ አንዲት ሰዓት መጥታ፣ ከነሕይወቷ፣ ሄደች። ራሴን ከጠረጴዛው ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 2

ደማቅ ፀሐይ። ትንሿ ሶፋው ላይ። ሄጄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዘንበል አላልኩም፣ ድምፄን አላለሰለስኩም። ጀርባዬን ለሶፋው ሰጥቼ ዝም። ሲቆይ እግሬ ደነዘዘ፣ አፍንጫዬን በላኝ፣ ወጥ ቤት ቧንቧው ይንጠባጠባል... ይህ ቧንቧ መቼ ነው የሚጠገነው? ዝም።

«ዛሬ አይዞሽ አትይኝም?» አለች ከላይ።

«አልልሽም።»

«ጠዋት ስነቃ፣ መንቃቴ ራሱ ያበሳጨኛል እትዬ።»

አንድ ጥያቄ አለ፤ ሳታድበሰብሱ በቀጥታ ጠይቁ ብለው ያስተማሩን። ክፍል ውስጥ ባንከሩን ስጠይቀው ቀላል ነበር። «መሞት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«አይ... መሞት አይደለም። እንዲያው ባልነበርኩ ነው የምለው።» የሹራቧን እጅጌ ሳብ ሳብ አድርጋ፣ «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች።

ውስጤ አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ ይላል። ዋጥኩት። እጇን ከሶፋው ላይ አወረደችልኝ፣ ያዝኩት። ብዙ አወራች። የነገረችኝን እዚህ አልጽፍም፣ የሷ ነው። ሰው ዘንድ እንሂድ ስላት «አንቺ አትሆኚም?» አለች። አልሆንም። እህትን ማማከር አይፈቀድም። ከሕጋቸው አንዱ ዛሬ ገባኝ። እኔ እህቷ ነኝ፤ እሱም ሥራ ነው፣ እስካሁን ያልሠራሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

መቅጃውን ሹፌሩ ሳይገቡ ከፈትኩት፤ መብራቷን ደጋግሜ አየሁ። ገብተው ተቀመጡና «ልጄ፣ ያቺ ነገር ከእንግዲህ ትጥፋልኝ። የሽማግሌውን ልጆች ሄጄ ልንገራቸው ወይስ ልተወው፣ እሱን ነው የማወራሽ» አሉኝ። መቀዳቱን ፈቅደው ነበር፤ መከልከልም መብታቸው ነው። መጀመሪያ ቀን ይህን የነገርኳቸው ራሴ ነኝ። አፌን በቆረጠው። አጠፋሁት።

እሜቴ ቢሮ ባዶ እጄን ገባሁ። ያለፈውንም የዛሬውንም ነገርኳት። ማጥፋቴ ልክ ነው አለች። ማዳመጤም ልክ ሳይሆን አልቀረም አለች። «ግን ያልሰማሁትን አላሳልፍም።» አዲስ ባለጉዳይ እስኪመደብልኝ ደግሞ ቀኑ ያልፋል። ልክ ሠርቶ መውደቅ እንዲህ ነው።

ቆሜ ሳለሁ የትንሿም ነገር ከአፌ ወጣ። መቼም አሁን እንኳ አንዲት ቃል ትወረውርልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ምንም። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ስልኩን አነሳችና እዚያው ለአንዲት ባልደረባዋ ደውላ ለሐሙስ ቀጠሮ አስያዘች። ነገ አይሆንም ወይ ብላም ተከራከረች። ስወጣ «ውጪ ሆነሽ ጠብቂያት» አለችኝ። «በሩ ላይ ጆሮሽን እንዳትለጥፊ።»

እንዴት አወቀች?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

አልለጠፍኩም። ጠጋ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ውጤት ተለጠፈ። እደግማለሁ። ባንከሩ አለፈ። ባንከሩ! ሊያጽናናኝ መጣና ምን እንደሚል ጠፍቶበት አጠገቤ ቆሞ ቀረ። ለካ እሱ ነው የተፈጠረለት።

ሹፌሩ የሽማግሌውን ልጆች አግኝተዋቸዋል። ምን እንደተባባሉ ነገ ይነግሩኛል። እሜቴ አትሰማውም።

እማዬ ደወለች። «ወደቅሽ?» አለች። አልወደቅኩም፣ እደግማለሁ አልኳት። ያው ነው አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይዞሽ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ። እናቴ እንጂ አማካሪዬ አይደለችም።

እቤት ስገባ ትንሿ ከመታጠቢያው ዞር ስትል ደረስኩ። አንድ ኩባያ አጥባ ገልብጣለች። የራሷን። የኔ ሳህን፣ የኔ ማንኪያ፣ የኔ ኩባያ እዚያው እንደነበሩ አሉ። ሰው እንዴት አንድ ኩባያ ብቻ ያጥባል? እጅ አንዴ ከረጠበ ሳህኗን ብትጨምር ምን ነበረበት... አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት። እጅጌዬን ሰብስቤ የቀረውን ማጠብ ጀመርኩ።

ከኋላዬ፣ ቢጫው ቀሚስ ያለበት ወንበር ጋ ሆና፣ የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች። ዜማውን አበላሽታዋለች። ድሮም ታበላሸዋለች፣ ድሮም ያናድደኛል። የውሃው ድምፅ ሸፈነብኝና ቧንቧውን ዘጋሁት። ሳሙናው እጄ ላይ እስኪደርቅ ቆሜ ሰማኋት።