ድምፁን የምዘጋበት አሰልጣኝሽ

ብርቄ፣ የቤቴ እመቤት፣

ሊንደበርግ ሰፈር ካለው ቤታችን የወጣ አስቸኳይ ማስታወቂያ ነውና ቆመሽ አንብቢው። ያ ቀይ ኮፍያ የሚያደርገው፣ የአንቺ ቡድን አሰልጣኝ፣ ድምፁ ተዘግቷል። እሑድ ዕለት ጨዋታው እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልወጣችውም። ለደጋፊዎቹ መጽናናትን እንመኛለን።

መቆሙ ካደከመሽ ተቀመጪ። እኔም ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ ዘንድሮ ተቀምጬም ይደክመኛል።

ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ቅዳሜ ተዝካርሽን አወጣን። ልጃችን ሰላም ወጡ እንዳያንስ ፈርታ ለሁለት ተዝካር የሚበቃ ሠርታ ነበር። ሁለተኛው የእኔ መሆኑ ነው ብላት አልሳቀችም። አንቺ ብትኖሪ በማማሰያው ታባርሪኝ ነበር።

ቴሌቪዥኑን በቀብርሽ ሳምንት በነጠላሽ ሸፍነነው ነበር። ሰላም አርባሽ ሲወጣ ይበቃል ብትልም እኔ ዓመት እስኪሞላ አይከፈትም አልኩ። ሰዉ ሁሉ ወግ አጥባቂ መሰልኩት። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ የእሑድ ምሽቱን ጨዋታ ያለ አንቺ ማየት ፈርቼ ነው።

በተዝካርሽ ማግስት፣ እሑድ፣ ሐና መጣች። የልጅ ልጃችን አሁን መሃል ከተማ ቢየርቪካ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ትሠራለች። ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ነጠላውን አነሳችና አጣጥፋ ትራሴ ሥር አስቀመጠችው። «ዓመቱ ሞልቷል አባባ፣ ዛሬ ሁለቱ ባላንጣዎች ናቸው የሚጫወቱት» አለችኝ። ደክሞኛል አልኳት። «ኔይ፣ አይሆንም! ዓመቱን ሙሉ ደክሞሃል። እኔስ እሑድ እሑድ የት ልሂድ?» አለች። ሄጄ ተቀመጥኩ። ያንቺን ቦታ መሃላችን ክፍት ተውነው።

ሐና ይህን በእጅ የሚያዝ የአሜሪካኖች ኳስ ያስለመደችን ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሕጉ አልገባ ሲለን ተጫዋቾቹን ትተን ጠርዝ ላይ የቆሙትን አሰልጣኞች እናይ ጀመር። ጆሯቸው ላይ የደፉት ማዳመጫ መዝሙር የሚሰሙበት መስሎሽ ነበር። እኔም አዎ፣ እሑድ ስለሆነ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ሸወድኩሽ።

ከዚያ ተከፋፈልን። አንቺ የጯሂው ሆንሽ። ልጆቹ ኳስ በጣሉ ቁጥር የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮህባቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ ጎትቶ አቅፎ ግንባራቸውን ይስማል። መሪጌታችን ዜማ ያበላሸ ዲያቆን ሲቆጡ እንዲህ ናቸው፣ የሚቆጣ የሚወድ ነው ትይ ነበር። እኔ የዝምተኛው ሆንኩ። አፉን በወረቀት ከልሎ ይቆማል፤ ቡድኑ ነጥብ ሲያገኝም ሲያጣም ፊቱ ያው ነው። ጨዋ አሰልጣኝ ማለት እንዲህ ነው ስልሽ፣ «ይሄማ አውቶቡስ የሚጠብቅ ኖርዌጂያን ነው» አልሽ።

ትልቁ ጠባችን አራተኛው ሙከራ ላይ ነበር። አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ዕድል አላቸው። ሦስቱ ከከሸፈ የእኔው ኳሷን አርቆ ያስመታና ይጠብቃል። ያንቺው ግን ቀጥሉ ይላል። በዚህ ስንቴ ተሸነፈ! ቢሸነፍም ልጆቹን አምኗቸዋል እያልሽ ተከራከርሽለት። እኔንም ሦስቴ የወደቅሁበትን የኖርስክ ቋንቋ ፈተና አራተኛ እንድፈተን የላክሽኝ እንደ እሱ እየጮህሽ ነበር።

የእኔ ተንኮል ሪሞቱ ላይ ነበር። ሰውዬሽ አፉን ሲከፍት ድምፁን ጥርቅም! ያኔ አንቺ በእሱ ፈንታ «ተነስ አንተ፣ ምን ያጋድምሃል!» እያልሽ ቤቱን ታናውጪዋለሽ። የላይኛው ጎረቤት ሊፍት ውስጥ አግኝቶኝ፣ ቤት ውስጥ ሁሉ ሰላም ነው ወይ ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ።

እሑድ የእኔው አሸነፈ። ያንቺው በአራተኛው ቀጥሉ ብሎ ኳሷ ተነጠቀች። ሐና እንደ ልማዴ ስፎክር ልትሰማ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች። ምንም አልወጣኝም። ለካ የምፎክረው አንቺን ለማናደድ ነበር። እሷም ጃኬቷን እየለበሰች፣ የሚመጣው እሑድ ልምጣ ወይስ ነጠላውን ልመልሰው አለችኝ። ነይ አልኳት። ነጠላው እዚያው ትራሴ ሥር ይቆይ።

አሁን አንዱን ውሸቴን ልመልስ። የሰውዬሽ ድምፅ አልተዘጋም። ያው እንደ ድሮው ሲጮህ አመሸ። ማስታወቂያውን ፈጥሬ ነው የጻፍኩት፤ ከሄድሽ ወዲህ እንደ እኔ ዝም ያለ አንድ ሌላ ሰው ቢኖር ብዬ ይሆናል። አፉን ሲከፍት ጣቴ እንደ ልማዱ ሪሞቱ ላይ ሄዶ ነበር። አልዘጋሁበትም። እኔ እስካለሁ ድረስም እሑድ እሑድ አልዘጋበትም፤ እንዲያውም ድምፁን ትንሽ ከፍ አደርግለታለሁ። ጎረቤታችን ሊፍት ውስጥ ከጠየቀኝ፣ ባለቤቴ ናት እለዋለሁ።