ለከርነሉ የገመድ አልባ ክፍል ኃላፊ፤ ስለ አንዲት አሮጌ ሞደም መስመር መሰረዝ

ለተከበሩ የነጻው ከርነል የገመድ አልባ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? ባለፈው ስብሰባ ላይ ወንበሩ አልተመቸኝም ብለው ሲያማርሩ ስለሰማሁ ከልቤ አስቤልዎታለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ስል እንግዲህ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። ውስጤ እንዴት እንደሰነበተ ግን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ካነበቡ ይደርሱበታል። ሰባት ጊዜ የላክሁልዎትን ሥራ እስከ መጨረሻው እንዳላነበቡት አሁን ስላወቅኩ፣ ይህኛውን አጠር ለማድረግ ሞክሬያለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ሌሎችም ያነቡታል፤ ፈቃድዎ ይሁንና ለእነሱ ራሴን ላስተዋውቅ። ከአንድ ማተሚያ ቤት ጀርባ፣ አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር የምጠግን ሴት ነኝ። ታላቅ እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ከከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ከሩብ በሚያስኬድ ቦታ ባለች ክሊኒክ ነው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር በማህፀን ያለን ልጅ የልብ ምት ከሚቀዳ መሣሪያ ጋር ተያይዟል። ቅጂው በአንዲት አሮጌ የገመድ አልባ ሞደም በኩል ከተማ ላለው ሐኪም ይላካል፤ ሐኪሙም አይቶ ወይ ይህችን እናት ቶሎ ላኪልኝ፣ ወይ ቤቷ ትግባ ይላል። ያቺ ሞደም እንድትሠራ፣ ከርነሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ሞደሟን የሚያውቅበት ድራይቨር ያስፈልገው ነበር። አልነበረውም፤ እኔ ጻፍኩለት። ከርነሉ ማንም የሚጽፍለት የጋራ ሥራ ነው፤ በገመድ አልባው በኩል የሚላከውን መርምሮ ማስገባት ግን የእርስዎ ፈንታ ነው።

ማን ጻፊ አለሽ ቢሉኝ፣ እርስዎ ነዎት። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ንግግርዎን ጨርሰው ሲወርዱ፣ ሞደሟን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁዎት። ገልበጥ አድርገው አይተው፣ ልጄ፣ ይህ ቤት የሁላችንም ነው፣ ጽፈሽ አምጪው፣ እኔ አለሁልሽ አሉኝ። አለሁልሽ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ነበር የምልዎት፤ ጋሼ እንዲህ አሉ፣ ጋሼ እንዲህ ይላሉ እያልኩ ቤተሰቡንም የማተሚያ ቤቱን ሠራተኞችም አሰልችቻለሁ። ዛሬ የተከበሩ ብዬ የጻፍኩልዎ ማዕረግ ለመጨመር ነውና ቅር እንዳይልዎ።

እንግዲህ ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ በመጀመሪያው ዙር መስመሮችሽ የሚጀምሩት በታብ ሳይሆን በስፔስ ነው ብለው መለሱልኝ፤ ለዓይን ሁለቱም ያው ባዶ ቦታ ናቸው፤ አስተካከልኩ። በሁለተኛው የፋይሉ ስም ረዘመ አሉ፤ አሳጠርኩት። በሦስተኛው አጠረ አሉ። በአራተኛው ጭራሽ መልስም የለም፤ አራት ወር ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ። ፈራ ተባ እያልኩ ብጠይቅዎ፣ ትዕግሥት የዚህ ሙያ ግማሹ ነው ብለው መከሩኝ። ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ ያኔ አልነገሩኝም፤ አሁን ግን ሳይነግሩኝ ገብቶኛል። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ልዝለላቸው፣ ለእርስዎም ለእኔም ክብር ስል። በሰባተኛው ዙር ሥራሽ ንጹሕ ነው፣ ነገር ግን ይህን ሞደም የሚጠቀም ሰው የለም ብለው በሩን ዘጉት። ይህን ለእህቴ ስነግራት፣ ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ ብላ ሳቀች። ያኔ ገና መሳቅ ይቻል ነበር።

ሁለተኛ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ የሚጠቀምበት ሰው የለም የተባለው ድራይቨር በአዲሱ ባልደረባዎ ስም ከርነሉ ውስጥ ገባ። በእኛ ሕግ ጽሑፉ የሁሉም ነው፤ መቅዳት አልተከለከለም፣ እኔም ይህን አውቄ ወድጄ ነው የጻፍኩት። ወጋችን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሥሩ የጻፈው እገሌ፣ የሞከረው እገሌ፣ የመረመረው እገሌ ተብሎ ስም ይሰፍራል። የጻፈው በሚለው ላይ ባልደረባዎ አሉ። የሞከረው በሚለው ላይም ባልደረባዎ አሉ። የመረመረው በሚለው ላይ እርስዎ አሉ። የእኔን ስም በአጉሊ መነጽር ብፈልገው አጣሁት፤ የእህቴንም እንዲሁ።

ባልደረባዎ ፈጣን ሠራተኛ መሆናቸውን አልክድም፤ ችግሩ መቅዳትም ማንበብ ይፈልጋል። የእህቴ ሞደም ከመንቃቷ በፊት ጥያቄ ከቀረበላት አኩርፋ ትቀራለች። ስንት መጠበቅ እንዳለብን የትም አልተጻፈም ነበር፤ ስለዚህ እህቴ ሕመምተኛ በሌለባቸው ሰዓቶች ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከሞደሟ መብራት ሳትነቅል፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆጥራልኛለች። አራት ሰከንድ ተኩል ሆነ። እኔም ለሚያነበው ሰው እንዲገባው ብዬ ኮዱ ውስጥ «አራት ሰከንድ ተኩል ጠብቅ፤ እህቴ ቆጥራ ነው» የሚል ማስታወሻ አኖርኩ። ይኸው ማስታወሻ በባልደረባዎ ሥራ፣ መስመር ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድልበት ተቀምጧል። ወይ ጉድ! ለባልደረባዎ እህት የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ እህት ከሌላቸውም አሁን ስለተገኘችላቸው እንኳን ደስ ያላቸው። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ የሚል ተረት አለ፤ እኔ ግን ጨዋ ስለሆንኩ አልጠቅሰውም።

ስሙን ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወው ነበር። ሦስተኛውን ነው መተው ያቃተኝ።

ድራይቨር የሚያውቃቸውን ሞደሞች በዝርዝር ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ሞዴል አንዲት መስመር። እኔ በላክሁት ውስጥ ሦስት መስመሮች ነበሩ፤ የመጀመሪያዋ የእህቴ አሮጌ ሞዴል ናት። በገባው ውስጥ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ አሮጌዋን ባልደረባዎ ጊዜዋ አልፏል ብለው ሰርዘዋታል። አራት ሰከንድ ተኩሉን ግን አልነኩትም! አዲሶቹ ሁለት ሞዴሎች እኮ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ ሲጠየቁ ወዲያው ነው የሚመልሱት። እንግዲህ መድኃኒቱን ይዘው በሽተኛዋን አሰናበቱ፤ አሁን አዲሱን ሞደም የሰካ ሰው ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ በእህቴ ቆጠራ አራት ሰከንድ ተኩል በከንቱ ይገተራል። መርምሬዋለሁ ብለው የፈረሙት ይህንን ነው።

የራሴን ጥፋት አልሸሽግም። ድራይቨሩ መግባቱን ያየሁት ጠዋት ሥራ እንደገባሁ ነው። ርእሱን ብቻ አንብቤ፣ የማን ስም እንዳለበት እንኳ ሳላይ፣ እልል እያልኩ ለእህቴ ደወልኩ። እስከዚያን ቀን ድረስ የምትሠራው እኔ በእጄ በጫንኩላት ድራይቨር ነበር፤ አፕዴት በመጣ ቁጥር መንገድ ወጥቼ እንደገና እጭንላታለሁ። ገብቷል፣ አፕዴቱ ሲመጣ ዝም ብለሽ ተጫኚው፣ ከእንግዲህ እኔን አትጠብቂ አልኳት። ማንበብ ነበረብኝ፤ ግን ጋሼ ያሳለፉትን ነገር እኔ ማን ሆኜ ነው የማጣራው? ሰኞ ጫነችው። የእኔን አጥፍቶ የእናንተን አስገባ፣ ሞደሟም ጸጥ አለች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት የስምንት ወር እርጉዝ መጣች፤ የልጇ የልብ ምት ይወርዳል፣ ቶሎም አይመለስም። እህቴ ቅጂውን ላኪ ብላ ብትጫን፣ ብትጫን፣ አልሄደም። ደወለችልኝ፤ ይህን ንኪ፣ ያንን ንቀዪና መልሰሽ ሰኪ እያልኩ ሃያ ደቂቃ በከንቱ አስጨረስኳት። በመጨረሻ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ስልኳ ፎቶ የማይልክ ዓይነት ነውና ቅጂውን በወረቀት አትማ ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ እናቲቱን የአንድ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ደግፋ ይዛ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ተጓዘች። ደርሰዋል። ልጁ በቀዶ ጥገና ተወልዷል፤ እሱም እናቱም በሕይወት አሉ። በዚህም ምክንያት ይህ ጽሑፍ የአቤቱታ ደብዳቤ ሆኖ ቀርቷል እንጂ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ አልሆነም፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ራስ ላይ ሲደርስ እንዲህ እንደሚያቃጥል ግን አላውቅም ነበር። ከድተውኛል፤ በጨዋ ቋንቋ ዞር ዞር ብዬ ሌላ ቃል ብፈልግለት አላገኘሁም። ባልደረባዎን አላውቃቸውም፣ እሳቸው ላይ ቂም የለኝም። አለሁልሽ ያሉኝ እሳቸው አልነበሩም።

በማግስቱ ሄጄ የድሮውን መለስኩላት፤ እህቴ ግን ከዚያ ወዲህ አፕዴት የሚል ነገር በዓይኗ ማየት አትፈልግም። የክሊኒኩ ኃላፊ ደግሞ ከከተማ ሰው እየተጠራ የሚጠገን ዕቃ አልፈልግም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ በራሱ የማይሠራ ከሆነ ተነቅሎ መጋዘን ይገባል ብለዋል። አልፈርድባቸውም። መጋዘን ከገባ ግን እያንዳንዷ የምታጠራጥር እናት ጋቢና ፍለጋ ልትወጣ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። የተሰረዘችውን መስመር ለስምንተኛ ጊዜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ በታብ ነው የጀመርኳት። ስሜ ይግባ አልልም። ከፈለጉ የባልደረባዎን ስም፣ ከፈለጉ የራስዎን፣ ከፈለጉም የጎረቤትዎን ይጻፉበት፤ መስመሯን ብቻ ይመልሱልን።

የሙያውን ግማሽ፣ ትዕግሥትን፣ ከእርስዎ፣ ሌላውን ግማሽ ከባልደረባዎ የተማርኩ፣ ለወገብዎ ምቹ ወንበር፣ ለዓይንዎ ጥሩ መነጽር ከልብ የምመኝ፣ እጅ በመንሣት፣
ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ያለሁት ኮምፒውተር ጠጋኝ

ሳልረሳው፦ እህቴ ትናንት ደውላ ነበር። ያ የምታወድሺው ሰውዬ ምን ነክቶት ነው፣ ክፉ ሰው ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ኧረ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው አልኳት። እህቴን ዋሽቼያት አላውቅም ነበር።