ታንግ የጠፋበት ከሰዓት

ጥር 8 ቀን 1967
ከትምህርት በኋላ ስካውት ነበረን። ገመድ መቋጠር። የእኔ ቶሎ ተፈታ፤ ጓደኛዬ ታንግ ሳቀብኝ። ቅዳሜ ባሮ ወንዝ ዳር ወዳለው ጫካ እንሄዳለን ብለዋል አሠልጣኛችን ቲቸር ኒካው። ለእናቴ አልነገርኳትም። ፈርቼ ይሆን? ትንሽ... ከገበያው ወዲያ ብዙም ሄጄ አላውቅም።

ጥር 10
ጫካው ደረስን።
ቲቸር ስድስታችንን እየለያዩ የየራሳችን ዛፍ ሥር አስቀመጡን። "የሰማችሁትን ጻፉ። ፊሽካ ስነፋ ተመለሱ።" ጻፍኩ። ጉሬዛ፣ ወፍ፣ ንብ... ከዚያ ሁሉም በአንዴ ዝም አለ። ንቡም።
ፊሽካው ሲነፋ አምስት ሆነን ተመለስን። ታንግ የለም። ወረቀታችን ላይ አምስታችንም "ዝም አለ" ብለናል።
ቲቸር ደግመው ነፉ። ከወንዙ ማዶ ፊሽካ መለሰ። ሦስት ጊዜ... የጠፋ ስካውት እንደዚያ ነው የሚነፋው። ወደ ወንዙ ሮጥን። ባለጀልባዋ ማማ ኛሉዋክ መረብ ትጠግናለች።
"ዛሬ ማንም አላሻገርኩም። ማዶ ሰው የለም።"
"ታዲያ የሚነፋው ማነው?" አሉ ቲቸር።
"እኔ ጠይቄ አላውቅም።"
ቲቸር አራቱን ይዘው ጀልባ ላይ ወጡ። ቦታ ጠቦ ቀረሁ። ወይስ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው?
ተመልሼ ዛፌ ሥር ቁጭ አልኩ። አዳመጥኩ። በሁሉም በኩል ወፍ አለ፤ በአንድ በኩል ግን ምንም። ወደዚያ ሄድኩ።
ታንግ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። ዐይኑ እንኳ አይርገበገብም። እግሩ ላይ ዘንዶ... እንደ ጭኔ የወፈረ። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ምን ያህል ጊዜ ቆየሁ? ዘንዶው ቀስ ብሎ ሣሩ ውስጥ ገባ።
"ማዶ ሆነህ የምትነፋ መስሎን ነበር" አልኩት።
"ፊሽካዬን ቤት ረስቼዋለሁ" አለኝ። "ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ከማዶ ስትጠሩኝ ግን እሰማ ነበር።"
ያኔ ማንም ገና አልተሻገረም ነበር።

ጥር 11
ቸርች ሄድን። ታንግ አልዘመረም። ቲቸር ማዶ ዱካ እንኳ አላገኙም። አሸዋው ንጹሕ ነው አሉ።

የካቲት 21
ከመንግሥት ደብዳቤ መጣ። ስካውት ቀረ፤ ልብሱና ሻርፑ ይመለስ ተባለ። ቲቸር ሰበሰቡ። ታንግ ቀድሞ አስረከበ። "ተገላገልን" አለኝ። እኔ ሻርፔን ቀስ ብዬ አጣጥፌ ሰጠሁ።

መጋቢት 6
ቅዳሜ። ማንም ሳያዘኝ ሄድኩ፤ ብቻዬን። እናቴ የት አለችኝ፤ "ጫካ" አልኳት። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፣ አልከለከለችኝም።
ገብቼ ዛፌ ሥር ስቀመጥ ሁሉም ዝም አለ። ፈራሁ... ቢሆንም አልተነሳሁም። ጥላው ሲዞር አንድ ወፍ ጀመረ፤ ከዚያ ሌላው። ጉሬዛዋ በራሴ ላይ ባለው ቅርንጫፍ አለፈች። እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሆኑ።
ወደ ቤት ለመሄድ መነሳት ከበደኝ።