አሥራ ሁለት አቶሴኮንድ

የካቲት 11
ጠዋት ሲሬ ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ከሰዓት በሚኒባስ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ማስተርስ ትምህርቴ። ኮምፒውተር ክፍሉ ዛሬ መብራት ነበረው። ነመራ፣ የክፍሌ ልጅ፣ ወንበር ይዞልኛል። "አካም ጅርታ?" "ፈያ፣ ደህና ነኝ።" የስሌቴ ውጤት ወጥቶ ጠበቀኝ። አሥራ ሁለት።

በጣም አጭር የሌዘር ብልጭታ አቶሙን ይመታዋል፤ ኤሌክትሮኖች ተነቅለው ይወጣሉ። የውስጡና የውጩ ግን እኩል አይወጡም፤ አንዱ አሥራ ሁለት አቶሴኮንድ ይዘገያል። አንድ ሰከንድ ለቢሊዮን ተካፍሎ፣ የደረሰው እንደገና ለቢሊዮን ሲካፈል... ያ ነው አንድ አቶሴኮንድ። የሚሮጥ ባጃጅ በስልክ ስናነሳው ይደበዝዝ የለ? ብልጭታው ከረዘመ ኤሌክትሮኑም እንደዚያው ነው።

ውጭ አገር ሌዘሩ ያላቸው ሰዎች ለክተውታል። የእነሱ ሃያ ሁለት ነው። የኔ ለምን አሥራ ሁለት ሆነ?

የካቲት 14
አማካሪዬ ዶክተር አምባዬ ወረቀቱን አገላብጦ እንኳ አላየውም።
"እነሱ ሌዘር አላቸው። አንቺ ምን አለሽ?"
"ስሌት አለኝ ዶክተር። ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።"
"በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር! በይ አስተካክለሽ ነይ። ሰኔ ላይ መመረቅ ትፈልጊ የለ?"
አስተካክለሽ! ምኑን? ስህተት ካለ የቱ ጋ እንደሆነ ይንገረኛ! ሌዘር ስለሌለን ማሰብም አይፈቀድልንም ማለት ነው?

የካቲት 15
አሁንም አልበረደልኝም።

የካቲት 27
አደረግኩት።
ፕሮግራሙ ውስጥ አቶሙ ኤሌክትሮኑን ምን ያህል እንደሚስብ የሚወስን ቁጥር አለ። እሱን ትንሽ ከፍ... ደግሞ ትንሽ ከፍ... ሃያ ሁለት እስኪመጣ። ምክንያት የለኝም። ሃያ ሁለት ስለተፈለገ ብቻ።
"አየሽ!" አለ ዶክተር አምባዬ። ጎበዝ ተባልኩ። የጠላሁት እሱን ነው ወይስ ራሴን?

መጋቢት 19
ነመራ ከስቷል። ቁጥሩን የቀየርኩበትን የኔኑ ፕሮግራም ወስዶ፣ ብልጭታው ሲጠነክር ኤሌክትሮኑ ምን እንደሚሆን ያሰላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልገጥም ብሎታል።
"ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ እኔ ፊዚክስ የሚገባኝ አይመስለኝም" አለኝ ዛሬ ምሳ ላይ። "ልተወውና ኑኑ ቁምባ ተመልሼ ላስተምር።"
ዝም አልኩ። ዝም! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 20
ነገርኩት። መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም።
"ቁጥሩን ቀየርሽው? ሆን ብለሽ?"
"ዶክተር አስተካክዪ ሲለኝ..."
"እሱን ተዪው! እኔ አጠገብሽ ነበርኩ። በየቀኑ። ደደብ ነኝ ስልሽ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኝ ነበር!"
ሁልጊዜ እህቴ የሚለኝ ሰው "ሕብረት" ብሎ በስሜ ጠራኝ። ቦርሳውን አንስቶ ሄደ።
ከአንድ ወር በላይ ስናደድ ከረምኩ። የተበደልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ!

መጋቢት 23
ቁጥሩን መለስኩት። አሥራ ሁለት። ለዶክተር አምባዬ ወስጄ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኩት።
"ይሄን ይዘሽ የምትቀርቢ ከሆነ ስሜን ከወረቀቱ ላይ አውጪልኝ።"
"አወጣለሁ።"
እንደዚህ ብዬ መልሼለት አላውቅም። እሱም ደነገጠ፣ እኔም።
ለእነዚያ ሌዘር ላላቸውም ጻፍኩ፦ በስሌቴ አሥራ ሁለት ነው፤ እናንተ እንዴት ለካችሁት?

ሚያዝያ 16
ከውጭ መልስ መጣ። ሁለት መስመር። "እኛም መጠራጠር ጀምረናል። ልኬቱን እየደገምነው ነው።" ልክ ነሽ አላሉም።
እነሱ በገዛ ሌዘራቸው ተጠራጥረዋል! ነቀምቴ ላይ መጠራጠር ለምን ወንጀል ሆነ?

ሰኔ 12
የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ። ትምህርት ክፍሉ ሌላ አማካሪ መድቦልኛል። ዶክተር አምባዬ ግን መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል።
"የእነሱ ሃያ ሁለት፣ ያንቺ አሥራ ሁለት" አለ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ። "የትኛው ነው ትክክል?"
"አላውቅም" አልኩ። "እነሱም እየደገሙት ነው። እኔ ግን አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት ቁጥር ነካክቼ ሃያ ሁለት አምጥቻለሁ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። በዚያ የሰው ሥራ አበላሽቻለሁ።"
ፈታኙ ገጹን ገልጦ አነበበ። ማን ይህን እንዳዘዘኝ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም! ዶክተር አምባዬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።
አለፍኩ። በዝቅተኛው ውጤት።
ነመራ የራሱን ዲፌንስ ለሚመጣው ዓመት አዛውሮታል። ዛሬ ከኋላ ተቀምጦ አየሁት። ሰላም አላለኝም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ "የመጀመሪያውን ፕሮግራም ላኪልኝ" አለኝ። ይኸው ነው።
ላክሁለት። ምንም ሳልነካካ።